አምስተኛዋ ዋስ

ላጢፋ የታመመችውን ናዕማን ልትጠይቅ በየቀኑ ትሄድ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ምስክር ነው። ቃሊቲ የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት ሜዳ ፊት ለፊት ኮንቴነር ተከራይታ ሸራና ገመድ ትሸጣለች። ቀትር ላይ ደንበኛዋን ሹፌር «ቆይ፣ መጣሁ» ብላ ትታ፣ አጥሚቱን በፔርሙዝ ይዛ ናዕማ ቤት ከተፍ ነው። «ወይ የወሎ ልጅ! ደግነቱን ከጡት ጋር ነው የጠባችው» ይላሉ ጎረቤቶቹ። ይበሉ እንግዲህ! ሰው የሚያየው ፔርሙዙን ነው፤ ሆድን ማን ከፍቶ ያያል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ላጢፋ፣ ናዕማ፣ ሳፊያና ሁለት አትክልት ሻጮች ተቧድነው ከአንድ የብድር ተቋም የተበደሩ አምስት ሴቶች ናቸው። ቤት የላቸው፣ ካርታ የላቸው፤ ትልልቁ ባንክ በር ላይ ዘበኛው ራሱ ቀና ብሎ አያያቸውም። ይሄኛው ተቋም ግን «ዋስትናችሁ እናንተው ናችሁ» አላቸው። አንዷ መክፈል ካቃታት አራቱ ይሸከማሉ። በየዙሩ መጀመሪያ ደግሞ አምስቱም ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ እያንዳንዷ ስለ ሌላዋ በገዛ አፏ «እዋሳታለሁ» ትላለች፤ ፊርማው ከዚያ በኋላ ነው። የተቋሙ ሠራተኛ ጌዲዮን ይህንን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያለ ነበር የሚያስረዳቸው። አንበሳው ማን እንደሆነ እንኳ አልነገራቸውም።

ናዕማ ከአምስቱ በዕድሜ ትበልጣለች። የስልጤ ሴት ናት፤ ከፋብሪካ የሚወጣ ባዶ ጀሪካን እየገዛች አጥባ ትሸጣለች። ክፍያ አሳልፋ አታውቅም። ድንገት ኩላሊቷን አመማትና አልጋ ላይ ዋለች፤ ድርሻዋን አራቱ መክፈል ጀመሩ። የመጀመሪያውን ወር «ምን አለበት፣ ነገ በእኛ» ብለው ከፈሉ። ከዚያ በኋላ ማጉረምረም መጣ።

ላጢፋን ደግሞ የራሷ እሳት ይዟታል። ኮንቴነሩን ያከራያት ጉተማ «የስድስት ወር ቅድሚያ ካላመጣሽ ወሩ ሲያልቅ ልቀቂ፤ ሌላ ሰው አለኝ» ብሏታል። ያቺ ኮንቴነር ከሄደች እሷም ልጆቿም ሜዳ ላይ ናቸው። ያላት ተስፋ የሚቀጥለው ዙር ብድር ነው፤ እሱ ደግሞ የናዕማ ዕዳ ሳይዘጋ አይለቀቅም።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» ብላ ጌዲዮንን ጠየቀችው።

«ያው፣ እናንተ ትዘጉላታላችኋ» አላት ስልኩን እየነካካ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እርግጥ ተበዳሪ ከሞተ መድን አለው። ዕዳው ይሰረዛል፣ ልጇ በቦታዋ ትገባለች፣ ቡድኑም ወዲያው ወደ ቀጣዩ ዙር ያልፋል። እግዜር ይማራት እንጂ!» አለና ሞተሩን አስነስቶ ሄደ።

ላጢፋ ፔርሙዝ መያዝ የጀመረችው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

«እትዬ ናዕማ፣ እንዴት ዋልሽ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬስ ትንሽ ቀለል ብሎኛል፣ ልጄ።»

«አላህ ያሽርሽ» ትላለች ላጢፋ፤ ውስጧ ግን ድክም ይላል። እጇን በብርድ ልብሱ ስር ሰድዳ የናዕማን እግር ትዳብሳለች። ካበጠ ደስ ይላታል፤ ከጎደለ ይከፋታል። ወደ ሱቋ ስትመለስ «አስተግፊሩላህ» እያለች ነው የምትሄደው፤ በማግስቱ ግን ተመልሳ ትዳብሳለች። አንድ ቀን የናዕማ ልጅ ኢሽራቅ በር ላይ ጠብቃ ያዘቻት።

«ሐኪሙ ቶሎ ሆስፒታል ትተኛ ብሏል። ከቡድኑ ቁጠባ ብታበድሩን?»

«ቁጠባው ታግዷል፣ የኔ ቆንጆ። አይወጣም።»

ውሸቷን ነው! አራቱ ቢፈርሙ በዚያው ቀን ይወጣ ነበር። ለሌሎቹም ትንፍሽ አላለች።

ናዕማ ግን አልሞተችም። ኢሽራቅ የእናቷን ወርቅም ጀሪካኑንም ሸጣ አሳከመቻት። በተረፈው ገንዘብ ዕዳዋን ዘጋች፤ አራቱ የከፈሉላትንም ሳንቲም ሳታጎድል መለሰች። አዲሱ ዙር በሚጀመርበት ቀን አቃቂ ወዳለው ቢሮ ከስታ፣ ምርኩዝ ይዛ፣ እየሳቀች መጣች።

ላጢፋ ግን ቀድማ ሦስቱን ከአጥሩ ጥግ ሰብስባ ነበር። «ዛሬ ብትድን ነገስ? እንደገና ልንሸከማት ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ! በቦታዋ ጤነኛ እናስገባ።» ሦስቱም መሬት መሬት እያዩ ተስማሙ።

ጌዲዮን በዕድሜ ከናዕማ ጀመረ። «ላጢፋን ይዋሷታል?»

«ላጢፋን? ኧረ ይሄም ይጠየቃል እንዴ! የወለድኳት ልጅ እንኳ አንዳንዴ ትሰለቸኝ ነበር፤ እሷ አንድ ቀን አልቀረችም። እግሬን እየዳበሰች! በነፍሴ እዋሳታለሁ።» እንባዋን በሻሽዋ ጫፍ ጠረገች።

«ላጢፋ፣ አንቺስ ናዕማን ትዋሻታለሽ?»

የጉተማ ፊት ድቅን አለባት።

«አልዋሳትም» አለች።

ለሰው ሞት አነሰው የሚሉት ለካ እንዲህ ያለውን አይተው ነው! ሳፊያ «እኔም» አለች፤ ሁለቱ አትክልት ሻጮች ተከተሉ።

ናዕማ ላጢፋን ትክ ብላ አየቻት። «ቁጠባው እንዳልታገደ ኢሽራቅ አጣርታ ነግራኝ ነበር። የሰው ስም አታጥፊ ብዬ ተቆጣኋት» አለች ቀስ ብላ። «ለካ ልትጠይቂኝ አልነበረም የምትመጪው። መቼ እንደምሞት ልታዪ ነው።» ምርኩዟን ይዛ ወጣች።

«እሺ፣ የት ነው የምንፈርመው?» አለች ላጢፋ። «በሷ ቦታ ሌላ እናመጣለን።»

«በሟች ቦታ ወራሽ ወዲያው ይገባል» አለ ጌዲዮን። «ባባረራችኋት ቦታ የምትገባዋ ግን መጀመሪያ ስድስት ወር መቆጠብ አለባት። ለአራት ሰው ብድር የለም።»

«ምነው ቀድመህ አትነግረንም?»

«ያኔ ያወራነው ብትሞት ምን እንደሚሆን ነዋ!»

ላጢፋ ነጠላ ጫማዋ እስኪወልቅ ሮጠች። ናዕማን አስፋልቱ ዳር ደረሰችባትና ሰው ሁሉ እያየ እግሯ ላይ ተደፋች። «እትዬ ናዕማ፣ በአላህ ይዤሻለሁ! ሰይጣን አሳስቶኝ ነው! ልጆቼ ሜዳ ላይ ሊወድቁ ነው!»

ናዕማ ልትራገም አፏን ከፈተች። ግን ወርቁ የለ፣ ጀሪካኑ የለ፤ እሷም ብድሩን ካላገኘች ነገ የምትቀምሰው የላትም። «ተነሽ» አለቻት።

ተመለሱ። ጌዲዮን እንደ አዲስ ጀመረ። ላጢፋ «እዋሳታለሁ» አለች። ናዕማም «እዋሳታለሁ» አለች። ሁሉም ፈረሙ። ጌዲዮን ለተቋሙ ፌስቡክ ፎቶ ሊያነሳቸው ስልኩን አወጣ።

«ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ፤ ፈገግ!»

ናዕማ ጠጋ አለች። ክንዷን ላጢፋ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ፣ ፈገግ እንዳለች ወደ ጆሮዋ ዘንበል አለች።

«አይዞሽ፣ ልጄ። አንቺም ሰው ነሽ፣ አንድ ቀን ትታመሚያለሽ። እኔም በየቀኑ እየመጣሁ እጠይቅሻለሁ።»