በፍርድ ቤት በር ትወጣለህ

አክስቴ ዋኔታ፣ አብሯት የሚኖረው ዴልበርት ሌላ ሴት ሊያገባ መሆኑን የሰማችው የከብት መኖ ሱቅ ውስጥ ነው። ቤት ገብታ ስትጠይቀው አልካደም።

«እኔና አንቺ መች ተጋባን?» አላት ቦት ጫማውን እያወለቀ። «አብረን ኖርን፣ በቃ። ነገ ጓዜን ጠቅልዬ እሄዳለሁ።»

«ትሄዳለህ፤ ግን በፍርድ ቤት በር ነው የምትወጣው። ቴክሳስ ሳለን ባልና ሚስት ነን ተባብለን፣ ለአገር ምድሩም እንደዚያው ብለን ነው የኖርነው። እዚያ ይሄ ጋብቻ ነው።»

«አሁን ያለነው አርካንሳስ ነዋ! በዚህ ግዛት ሕግ እንዲህ ያለ ጋብቻ የለም።»

ሰው ሲጣላ ወጥቼ ደመና ማየት ይቀናኛል፤ የዚያን ቀን ግን አፌ አላስቻለኝም።

«አክስቴ፣ ይሂድ ተይው። ካልፈለገሽ ምን ያደርግልሻል?»

«ይሂዳ! ማን ያዘው? ውሽማው ነበረች አሰኝቶ ግን አይሄድም። ሚስትነቴን አምኖ ይሂድ!»

ከሰሰችው።

ዳኛዋ ሁለቱንም ካዳመጡ በኋላ፣ «እዚህ እንዲህ መጋባት አይቻልም» አሉ። «ቴክሳስ ውስጥ ከተጋባችሁ ግን እዚህም ያው ጋብቻ ነው፤ በፍቺ ካልሆነ አይፈርስም። ለመሆኑ በሰው ፊት ሚስቴ ብለውዎት ያውቃሉ?»

«በድምፅ ማጉያ፣ ክብርት ዳኛ!» አለች አክስቴ። «እዚያው ቴክሳስ፣ አማሪሎ ከተማ ላይ ባልና ሚስት ብቻ የሚገቡበት፣ በፈረስ እየጋለቡ ወይፈን በገመድ የመጣል ውድድር ነበር። ያስመዘገበን እሱ ነው። ቀንዱን እኔ፣ የኋላ እግሩን እሱ ያዝን፤ አሸነፍን።»

«ለውድድሩ ብዬ ነዋ!» አለ ዴልበርት።

ኋላ ወንበር ላይ፣ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ ያኖሩ የውድድር ጓደኞቹ ተቀምጠዋል። አንዱ ሽማግሌ ብድግ አለ።

«እንዴ! እኔና ሚስቴ ሁለተኛ የወጣነው ተጭበርብረን ነዋ!»

ዳኛዋ ሽማግሌውን አስቀምጠው ወደ ዴልበርት ዞሩ። «የዋሹት ያን ጊዜ ነው ወይስ አሁን?»

የዴልበርት እጅ ወደ ቀበቶው ሄደ፤ በዚያ ውድድር በሽልማት ያገኘው የብር ዘለበት ላይ አረፈ። በኛ አካባቢ ሚስቱን ጥሎ የሄደ ሰው ቢራ ይጋበዛል። በውድድር ያጭበረበረ ግን ሰላም የሚለው አያገኝም።

«አላጭበረበርኩም» አለ አቀርቅሮ። «ሚስቴ ናት።»

«ጮክ በል እንጂ! አማሪሎ ላይ እንደዚህ ነበር እንዴ ያልከው?» አለች አክስቴ።

«ሚስቴ ናት አልኩ እኮ!»

አክስቴ ጓደኞቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ዳኛዋ ዞረች።

«በሉ ክብርት ዳኛ፣ ፍቺውን ይጻፉልኝ። እሱ ትቶኝ አይደለም፤ እኔ ነኝ የምፈታው።»