ማሽኑ ሳይበርድ በሩ አይከፈትም

የጥናቱን ፖስተር የጉባኤው አዳራሽ ግድግዳ ላይ የለጠፈችው ራሷ ናት። አምስት ስም ተደርድሮበታል፤ የሷ የለም። አንደኛውማ ማሽኑ የት ክፍል እንዳለ እንኳ የማያውቅ የአለቃዋ የዶክተሩ ወዳጅ ነው።

«ዶክተር፣ የኔ ስምስ?»

«አንቺ እኮ ቴክኒሻን ነሽ፣ እህቴ» አላት ክራባቱን እያስተካከለ። «የት ተማረች ቢሉኝ ምን ልበል?»

«ማሽኑ ሥር ይበሏቸዋ!»

ውሸቷን አይደለም። መስታወት ላይ ከፀጉር ሺህ ጊዜ የቀጠነ ብረት የሚያለብሰውን ያን ማሽን አምስት ዓመት ሙሉ ጠባዩን ያጠናችው እሷ ናት። ተማሪዎቹ ውጤቱን ለማየት ስለሚቸኩሉ ገና በትኩሱ ይከፍቱታል፤ ሽፋኑም በማግስቱ ይላጣል። እሷ ግን ማሽኑ በራሱ ጊዜ እስኪበርድ ቁልፉን ኪሷ ከታ ቤቷ ትገባለች። ይህንኑ ጽፋ ብትሰጠው ዶክተሩ «ማን ጠየቀሽ?» ብሎ ፖስተሩ ላይ ለማብረጃው ከመመሪያ የገለበጠውን «ሠላሳ ደቂቃ» አሰፈረ።

ዶክተሩ ንግግሩን ሲጨርስ ማይክሮፎን የማቀበሉ ሥራም የሷው ሆነ። ከፊት ረድፍ አንዲት አዛውንት ፕሮፌሰር ተቀበሏት።

«ቀደም ብለው በላኩልን ጽሑፍ እንዳሉት ሦስቴ ሠራን፤ ሦስቴም ተላጠብን። የናንተው እንዴት ጸና?»

ዶክተሩ ውሃ ተጎነጨ። «እንግዲህ… እናንተ ጋ ያለው አየር…»

«አየራችን ደግሞ ምን አደረገ?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ቴክኒሻኗ ማይክሮፎኑን ተቀብላ ወደ ራሷ አፍ አዞረችው።

«ሠላሳ ደቂቃው ስሕተት ነው። አድሮ ነው የሚከፈተው።»

«አንቺ! ቁጭ በይ!» አለ ዶክተሩ።

«መች ወንበር ሰጣችሁኝና?»

ከኪሷ ብረት የለበሰ አንድ መስታወት አወጣች፤ ፖስተሩን የለጠፈችበትን ፕላስተርም ጨምራ ለአዛውንቷ ሰጠቻቸው። «ለጥፈው በኃይል ይንጠቁት። አይዘኑለት።»

ለጠፉት፤ ነጠቁት። ፕላስተሩ ቅንጣት ሳይዝ ንጹሑን ተነሣ። አዛውንቷ መስታወቱን ወደ ብርሃን አንሥተው አገላበጡት።

«ማነው የሠራው?»

«እኔ።»

«ታዲያ ስምሽ የታል?»

ወደ ግድግዳው ሄዳ «ሠላሳ ደቂቃ»ን ሰረዘች፤ ከአምስቱ ስሞች አናት ላይ የራሷን በትልልቁ ጻፈች፤ የአባቷን አስከተለች።

«ሁለተኛ ማሽን ክፍሌ እንዳትደርሺ!» ዶክተሩ መድረኩ ላይ ቆሞ ጮኸ።

«ቁልፉ ኪሴ ነው፣ ዶክተር» አለችው ዞር እንኳ ሳትል። የአያቷን ስም መጻፍ ገና ቀርቷት ነበር።