ለኪው ዘግቶት የሄደው ክፍል

ቁልፍ ሠሪው ከሱቁ ርቆ ሙሉ ቀን የዋለበትን ጊዜ አያስታውስም። ሱቁ ከአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ደረጃ ሥር የተሸጎጠች ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ነው የሚያወራው። እዚያች ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ተቀምጦ መክፈቻ ሲቀርጽ ኖሯል። ትዳር አልያዘም። አብራው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ናት። እሷ ነርስ ነበረች፤ ጡረታ የወጣች ዕለት ባልደረቦቿ አንድ ፖስታ ሰጧት፤ ስትከፍተው ሁለት ትኬት። በደሴቶቹ መካከል ባሉት ወሽመጦች ሙሉ ቀን በጀልባ መንሸራሸር፣ ምሳ፣ ከዚያ የአንዲት መንደር ጉብኝት።

«ሁለተኛው ያንተ ነው» አለችው።

«ሥራ አለብኝ፣ እትዬ።»

«ሥራህ የትም አይሄድብህም። እኔ ደግሞ በዚህ ጉልበቴ ብቻዬን ጀልባ ላይ ተንጠልጥዬ ልውጣ?»

በተባለው ቀን ጠዋት፣ በር ላይ አስቁማ ቦርሳውን ፈተሸችው። ከፎጣው ሥር የተጠቀለለችውን የመሣሪያ ከረጢት አገኘቻትና አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረቻት። ወንድሟን ታውቀዋለች። ለቅሶ ቤት ሄዶ እንኳ የሟቹን በር ማጠፊያ ሲመረምር ተይዟል።

«ዛሬ የሰው በር አትነካም። ማልልኝ!»

«እትዬ ትሙት!»

«ጎሽ! የሚማልበት ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው?» አለችና እየሳቀች ወጣች።

ጀልባዋ ነጭ፣ ባለ ሁለት ፎቅ ነበረች፤ አዲስ ቀለምና ናፍጣ ትሸታለች። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተሳፍረዋል። አስጎብኚዋ ከአፏ ማይክ የማይለይ ወጣት ሴት ነበረች። «እንግዶቻችን፣ ዛሬ አምስት ወሽመጥ እናያለን!» ስትል ጀልባዋ ከወደቡ ለቀቀችና አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ ተንገዋለለች። እህቱ የወንድሟን ክንድ ጭምድድ አድርጋ ያዘች። «የእኔ ወሽመጥ እንኳ ከአሁኑ ተቆርጧል፤ ስድስተኛውን ጨምሪው» ስትል ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ።

ፍርሃቷ ግን ብዙ አልቆየም። የመጀመሪያው ወሽመጥ በሁለት ገደሎች መካከል የገባ ጠባብ ውኃ ነበር። ገደሎቹ እጅ ቢዘረጉ የሚነኩ ይመስላሉ፤ ውኃው ደግሞ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ላይ ድንገት ይጠቁራል። «ለምንድነው መሐሉ የሚጠቁረው?» ብላ ጠየቀች። አስጎብኚዋ ጥልቅ ስለሆነ ነው አለቻት። «ምን ያህል ጥልቅ?» ልጅቷ አታውቅም። እህቱ ካፒቴኑ ዘንድ ሄዳ ጠየቀችው። ካፒቴኑ አጭር፣ ፊቱ ኮስተር ያለ ሰው ነው። «ብዙ» አላት። «ብዙ መልስ ነው እንዴ?» አለች ወደ ወንድሟ ተመልሳ። «እኔ የበሽተኛ ትኩሳት 'ብዙ ነው' ብዬ ብጽፍ ኖሮ በማግስቱ ያባርሩኝ ነበር።»

እስከ ሦስተኛው ወሽመጥ ድረስ እንዲህ ስትጠይቅ ቆየች። ወንድሟ የእሷን ያህል አላወራም፤ ዓይኑ ግን አላረፈም። መልህቁ እንዴት እንደሚጠመድ፣ የጀልባዋ መስኮቶች ከውስጥ በምን እንደሚያዙ፣ ሁሉንም አይቶ ጨረሰ። በእጁ ግን ምንም አልነካም።

አራተኛው ወሽመጥ ዳር መንደሯ ነበረች። ሠላሳ የማይሞሉ የድንጋይና የእንጨት ቤቶች ከባሕሩ ተነሥተው ኮረብታውን በደረጃ ይወጣሉ። አስጎብኚዋ አንድ ሰዓት ተኩል እንዳላቸው፣ ጀልባዋ ጡሩንባ ስትነፋ መመለስ እንዳለባቸው ነገረቻቸው። እህቱ ደረጃውን አይታ ጉልበቷን ዳሰሰችና ጥላ ሥር መረብ ከምትጠግን አሮጊት አጠገብ ተቀመጠች። ጨዋታ ለመጀመር ደቂቃም አልፈጀባት።

ቁልፍ ሠሪው ብቻውን ወጣ። የመንደሯን በሮች አንድ በአንድ እያየ ሲሄድ ግራ ገባው። አንዱም ቁልፍ የለውም። ከእንጨት የተሠራ መወርወሪያ፣ ወይም በምስማር ላይ የተጠመጠመች ገመድ፣ በቃ። ገርበብ ብለው የተተዉም ነበሩ። አንድ ዓሣ የሚያሰጣ ሰው አይቶት «ምን ጠፋብህ?» አለው።

«ቁልፍ የላችሁም እንዴ?»

«ምን ያደርግልናል? እዚህ ሁሉም የሁሉንም ማንኪያ ያውቃል።»

ከደረጃው ጫፍ ሲደርስ ግን ቆመ። ከሌሎቹ ፈንጠር ብላ የቆመች አንድ የድንጋይ ቤት አለች። መስኮቶቿ በሳንቃ ተዘግተዋል፤ በሯ ላይ የሰው ጡጫ የሚያህል ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ቁልፍ ሠሪው ጎንበስ አለ። እንዲህ ያለውን ያየው ተለማማጅ በነበረበት ዘመን ነው። በጣም ጥሩ ሥራ ነበር፤ አሁን ጨው በልቶት ዝጓል። እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ የማለውን አስታውሶ ሰበሰበና ደረጃውን በሩጫ ወረደ።

«እናቴ፣ ያ ላይኛው ቤት የማነው?» ሲል አሮጊቷን ጠየቃት።

አሮጊቷ መስፊያ ብረቷን መረቡ ላይ ሰካች። «የለኪው ነው» አለች። «ከየብስ የላኩት ሰው ነበር። የባሕሩን ጥልቀት ይለካል፤ ገመድ ይጥላል፣ ያወጣል፣ ይጽፋል። ስሙን ነግሮን ነበር፤ እኛ ግን ለኪው ስንለው ዕድሜው አለቀ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሮን ኖረ። ሰው አይጠላም፤ ግን ቤቱ ማንንም አያስገባም። ሲታመም በቃሬዛ ነው ያወረዱት። 'እስክመለስ ማንም እንዳይነካው፣ አደራ' አለን። መክፈቻው ኪሱ ውስጥ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በዓመቱ መሞቱን ሰማን። ይኸው አሥር ዓመት አለፈው።»

«አሥር ዓመት ሙሉ ማንም አልከፈተውም?» አለች እህቱ፤ ወገቧን ቀጥ አድርጋ።

«አደራ ካለ በኋላ እንዴት ሰብረን እንገባለን? የመንደሩ ሽማግሌም አይሆንም አሉ። ግን ያላወራነው የለም። አንዱ ወርቅ ነው ይላል፤ አንዱ ሚስቱን ነው የደበቃት ይላል፤ ባለቤቴ በሕይወት እያለ 'ገመድ ብቻ ነው፣ ሌላ ምን ይኖረዋል' ይል ነበር።»

ቁልፍ ሠሪው መሬት መሬቱን እያየ፣ «ሳይሰበር ይከፈታል» አለ ቀስ ብሎ።

ሽማግሌው ተጠሩ። ከዘራቸውን ተደግፈው ሰሙትና፣ «ሳይሰበር ማለት?» አሉ።

«ጓጉንቸሩ አይጎዳም፣ አባባ። በሩም አይጫርም። አይታችሁ መዝጋት ትችላላችሁ።»

ሽማግሌው ብዙ አሰቡ። «እስከምመለስ ነበር ያለው» አሉ በመጨረሻ። «እንደማይመለስ ካወቅን ቆይተናል። ከሱ ዘመድ የመጣ የለም። ይከፈት። ግን በእርጋታ፤ እንደሰው ቤት።»

ቁልፍ ሠሪው ወደ እህቱ ዞረ። «እትዬ፣ ምዬልሽ ነበር።»

«በማን ነበር የማልከው?»

«በአንቺ።»

«እኔ ደህና ነኝ፤ ክፈተው!» አለችና የጉልበቷን ነገር ረስታ ከሁሉም ቀድማ ደረጃውን ተያያዘችው።

መሣሪያ ስለሌለው ያገኘውን ለቃቀመ። እህቱ ከፀጉሯ ሁለት ሽቦ ነቀለችለት፤ አሮጊቷ መስፊያ ብረቷን ሰጠችው፤ ዓሣ የሚያሰጣው ሰውዬ በቆርቆሮ የሞተር ዘይት ይዞ መጣ። ቁልፍ ሠሪው ዘይቱን ጠብ ጠብ አድርጎ እስኪሰርግ ጠበቀ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ጓጉንቸሩ ላይ ለጠፈ። መንደርተኛው ተሰብስቦ ትንፋሹን ዋጠ። አንዱ ሽቦ ተሰበረ። ሁለተኛውን አጥፎ እንደገና ሞከረ። ከታች የጀልባዋ ጡሩንባ ሲነፋ ማንም ዘወር አላለም። ሁለተኛ ጊዜ ተነፋ። ጓጉንቸሩ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ፤ ከዚያ ሌላ። ቁልፍ ሠሪው ላቡን በክንዱ ጠርጎ ሳብ ሲያደርገው ዘንጉ ተላቀቀ።

በወትሮው የእሱ ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል። በሩ ሲከፈት ባለቤቱ ይገባል፤ እሱ መሣሪያውን ሰብስቦ ይሄዳል። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ከፍቶት የገባበት ቤት የለም። አሁንም ልማዱ ሆኖ ወደ ኋላ ሲል፣ ሽማግሌው ትከሻውን ይዘው «አብረን እንግባ እንጂ!» አሉት።

የመስኮቱ ሳንቃ ከውስጥ ተነሣ። ብርሃን ሲገባ መጀመሪያ የታየው ጠረጴዛ ነበር፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚደርስ፣ ሰው በዙሪያው በጎን ብቻ የሚያልፍበት። በላዩ ላይ በሸክላ የተሠራ ነገር አለ። አቧራውን አሮጊቷ በነጠላዋ ጫፍ ቀስ እያለች አነሣችው። ኮረብታ ታየ። ደረጃ ታየ። ከዚያ አንዲት ሴት «የእኛ ቤት!» ብላ ጮኸች።

መንደሯ ነበረች። ሠላሳ የማይሞሉት ቤቶች እያንዳንዳቸው ከአውራ ጣት የማይበልጡ፣ ከእነጭስ መውጫቸው፣ ከእነበራቸው። በየበሩ ደግሞ ሩዝ የሚያካክሉ ሰዎች። ሰው ሁሉ ጠረጴዛውን ከብቦ የራሱን ቤት መፈለግ ጀመረ። «ይቺ የወደቀችው ዛፍ አይደለችም?» «ያ አጎቴ ነው፤ ጎባጣ ጀርባውን አያችሁት?» «እኔስ? እኔ የታለሁ?» «አንቺማ ያኔ አልተወለድሽም።» አሮጊቷ ግን ጎንበስ ብላ አንድ ቤት ደጃፍ ላይ እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠ ትንሽ ሰው ስታይ ቆየች። እህቱ ቀስ ብላ ወገቧን ያዘቻት።

«ባለቤትዎ ናቸው?»

«ባርኔጣውን እንኳ አልረሳውም» አለች አሮጊቷ። «ገመድ ብቻ ነው ያለው ሰውዬ፣ ና እስቲ እይ አሁን!» ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ሞልቶ ነበር።

በዚህ መሐል ካፒቴኑ ፊቱ ደም መስሎ ደረሰ። «ሃያ ሰው ፀሐይ ላይ እየጠበቀ ነው! ጡሩንባው አይሰማም?» ብሎ ሳይጨርስ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ሌላው ቤቱን ሲፈልግ እሱ ያየው ባሕሩን ነው። ለኪው ወሽመጡን ውኃ አልቀባውም፤ ወለሉን ነው የሠራው። ገደሉን፣ አሸዋውን፣ ጉድጓዱን፣ ድንጋዩን፤ በየቦታው በቀጭን ብዕር ጥልቀቱን ጽፎበታል። ካፒቴኑ ቆቡን አወለቀ።

«ይሄ እዚህ ጋ ነው እንዴ?» አለ በጣቱ አንድ ሹል ድንጋይ እያሳየ። «አባቴ 'እዚያ አካባቢ ከታች አንድ ነገር አለ' ይለኝ ነበር። የት እንደሆነ ስለማላውቅ ሙሉውን ነው ዞሬ የምሄደው። ለካ ከጎኑ ሰፊ መግቢያ አለው!»

«ለኪው ራሱስ?» አለች እህቱ። «ሁሉን ሠርቶ ራሱን የት አደረገ?»

ሁሉም ፈለገ። ቤቱ አለ፤ ደጃፉ ላይ ግን ሰው የለም። በየደረጃው፣ በየዛፉ ሥር ፈለጉት። ያገኘው ካፒቴኑ ነው። ከድንጋዩ አጠገብ በቀጭን ሽቦ ላይ የቆመች፣ የክብሪት እንጨት የምታህል ጀልባ ነበረች። በውስጧ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ክር ወደ ታች ሰድዷል።

«እኛ 'ለምን አያስገባንም፣ ንቆን ነው' እንል ነበር» አሉ ሽማግሌው።

ሳይጨርሰው ማሳየት አልፈለገ ይሆን? ወይስ ይስቁብኛል ብሎ ፈርቶ? እያንዳንዱ የመሰለውን ተናገረ፤ ማንም እርግጠኛ አልሆነም። ቁልፍ ሠሪው ጠረጴዛውን ዞሮ ዞሮ ያየው ነበር። የቤቶቹን በሮች በጥፍሩ ጫፍ ሲነካቸው ይከፈታሉ። ማጠፊያቸው ከዓሣ አጥንት የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው ጎረቤቱ ሆኖ ቢያገኘው ስንት ነገር ይጠይቀው እንደነበር አሰበና ቆጨው።

ሲወጡ ሽማግሌው ጓጉንቸሩን ለቁልፍ ሠሪው ሰጡት። «መክፈቻ ሥራለትና በካፒቴኑ ላክልን» አሉ። አሮጊቷ በሩን በመረብ ገመድ አሰረችው፤ ልጅ እንኳ በሚፈታው ቋጠሮ።

ተሳፋሪዎቹ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይተው ሲነሡ አጉረመረሙ። አስጎብኚዋ ማይኩን ልታነሣ ስትል ካፒቴኑ ቀማትና፣ «በስተግራ በኩል ሁላችሁም ወደ ታች ተመልከቱ» አለ። ሞተሩን አበረደው። ጀልባዋ ከዚያ ቀን በፊት ገብታበት በማታውቀው መንገድ ዝግ ብላ አለፈች። ውኃው ጥርት ያለ ነበር። ከሥሩ ድንጋዩ ቀስ እያለ ብቅ አለ፤ ጥቁር፣ ሹል፣ ትናንሽ ዓሦች የሚዞሩት። ልክ ጠረጴዛው ላይ እንዳለው ነበር። ያጉረመረሙት ሁሉ የጀልባዋን ጠርዝ ይዘው አጎነበሱ።

«ስንት ሜትር ነው?» አለች እህቱ።

ካፒቴኑ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «አራት ከግማሽ» አላት።

ቁልፍ ሠሪው በዚያው ሳምንት ሦስት መክፈቻ ቀረጸ። ሁለቱን ከጓጉንቸሩ ጋር ላከ፤ ሦስተኛውን፣ ቢጠፋባቸው ብሎ፣ ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ካፒቴኑ ወሬ ይዞ ተመለሰ። ክፍሉ ቀን ቀን ክፍት ነው፤ ከአሥር ዓመት ወዲህ የተሠሩትን ቤቶች ማን በሸክላ ይሥራቸው በሚል መንደሩ ተጣልቷል፤ አሮጊቷ ደግሞ እህትየው መቼ ተመልሳ እንደምትመጣ ጠይቃለች።

«ቅዳሜ በላት» አለች እህቱ፣ ወንድሟን ሳታማክር።