የባሕሩ የሐዘን ጺም

ባሕሩ ራሱን ሙልጭ አድርጎ የተላጨው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ለጸጉር ናሙና ሊቀርብ አንድ ቀን ሲቀረው።

የሩጫ ማኅበራቸው በየዓመቱ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናቸውን አባላት በሚኖሩበት የፈረንጅ አገር ከተማ በኒዳ ወንዝ ዳር አሥር ኪሎ ሜትር ያሯሩጣል። ባሕሩ ሁልጊዜ ከጭራ ሦስተኛ ነበር። ዘንድሮ አንደኛ ወጥቶ ዋንጫውን ቤቱ ወሰደ። ሁለተኛ የወጡት ሊቀ መንበሩ ጋሽ ሰይፈ ገብርኤል ናቸው፤ ሆኽስት በተባለው የመድኃኒት ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠሩ ጡረተኛ ኬሚስት። ሰዓታቸውን ሁለቴ አዩና፣

«ጸጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ሰው የዋጠውንም ይመዘግባል። ውጤቱ የሚጸድቀው የአሸናፊው ጸጉር ሲመረመር ነው» አሉ።

ባሕሩ ደግሞ ስፖርት ቤት የተዋወቀው ሰው የሰጠውን የጡንቻ ክኒን ሦስት ወር ሲውጥ ከርሟል።

እሑድ መላጣውን ይዞ ቀረበ።

«ምነው?» አሉት ጋሽ ሰይፈ ገብርኤል።

«አጎቴ ሳህሌ አረፉ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

አበሻ መርዶ ሰምቶ ቤቱ አይውልም። ከሰዓት በኋላ ባሕሩ የሚኖርበት የጊንሃይም ሰፈር ፎቅ ሊፍት ድስት በተሸከሙ ለቀስተኞች ተጨናነቀ። ሚስቱ ሸዋገነት የአጎቱን ሞት የሰማችው ከእነሱ ነው። ወጥ ቤት ጎትታ አስገባችው።

«ሳህሌ ማነው?»

እውነቱን ነገራት። ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

«እንግዲህ በደንብ ታዝናታለህ!»

ሰኞ ጠዋት ምላጭ ሲያነሣ ከእጁ ነጠቀችው። «ራስህን እንደፈለግህ። ሐዘንተኛ ወንድ ግን ጺሙን ይላጫል እንዴ? እስከ አርባው አትነካትም!»

ባሕሩ አልከፋውም። ራሱን በየሳምንቱ እየተላጨ፣ ጺሙን እያጎፈረ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ውድድር ክኒኑን ቀጠለ። ስለ ጺም ማን ምን አለ?

በአርባኛው ቀን ጋሽ ሰይፈ ገብርኤል መቀስ፣ ማስመሪያና ነጭ ፖስታ ይዘው መጡ።

«ሐዘን ማስወጣት የወዳጅ ወግ ነው። ና፣ እኔው ልላጭህ።»

ባሕሩ ልቡ ተነክቶ አገጩን ሰጠ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው ጺሙን ለኩ።

«ምን እያደረጉ ነው፣ ጋሼ?»

«አሥራ አራት ሚሊ ሜትር፤ ልክ የአርባ ቀን። ጺምም ጸጉር ነው፣ ልጄ። ላቦራቶሪው ለነገ ቴርሚን ሰጥቶኛል፤ ቀጠሮው እንዳያልፈን።»

ባሕሩ መቀሱን ከነእጃቸው ያዘ።

«ይቆዩ!»

«ምነው? ሐዘኑ አልወጣልህም?»

«አጎቴ ሳህሌ አልሞቱም።»

«እሰየው! መቼ ተነሡ?»

«አልተወለዱም» አለ ባሕሩ። ክኒኑንም፣ ሦስቱንም ወር፣ አርባውንም ቀን ሳያስቀር ተናዘዘ። ከዚያ ዋንጫውን ከመደርደሪያው አውርዶ በሁለት እጁ አስረከባቸው። ጋሽ ሰይፈ ገብርኤል ዋንጫውን በመሐረብ ወልውለው ብብታቸው ሥር ሸጎጡና ተነሡ።

ሸዋገነት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ማስመሪያውን ከጠረጴዛው አነሣች።

«የት ነው ጋሼ? አሁን አንደኛው እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌው ነጭ ጺማቸውን ዳሰሱ። ባሕሩን አዩ፤ እሷን አዩ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና አገጫቸውን ቀና አደረጉ።

«ከቆዳው አስጠግተሽ ቁረጪ» አሉ። «ፖስታው ላይ ቀኑን መጻፍ እንዳትረሺ።»