አፍ የምታይ ልጅ

እማማ ዳሲቱ አልተማሩም፤ ስለዚህ ዓይንም ጆሮም የላቸውም። ቢያንስ አቃቂ ቃሊቲ ያለ የተማረ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚቆጥራቸው። የልጅ ልጃቸው ማርቲ ከማጅራት ገትሩ ትኩሳት ከተነሳች ወዲህ «ይቺ ልጅ ጆሮዋ አይሰማም» ብለው ያልነገሩት ሰው የለም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ጆሮዋን በባትሪ አየችና «ኩክ ነው፣ እማማ» ብላ ጠብታ ሰጠቻቸው። የሱቋ ዙለይኻ ደግሞ «የኔዎቹም ሲላኩ አይሰሙም፣ ከረሜላ ሲባል ነው የሚሰሙት» ብላ ሳቀች።

አንድ ቀን ገልባጭ መኪና ከማርቲ ኋላ መጥቶ ክላክሱን አምባረቀው። ልጂቱ ዘወርም አላለች። እማማ ዳሲቱ በቀሚሷ ጎትተው ባያወጧት ኖሮ አልቆላት ነበር። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ የሰደበው ደግሞ ማንን ነው? እሳቸውን።

በማግስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ትምህርት ቤት ሄዱ። የእንግሊዝኛ መምህርቷ የአብስራ ገና ወጣት ናት፤ ልጆቹ «ሚስ» ነው የሚሏት። የመጡበትን ጉዳይ ስትሰማ እንደመደንገጥ ብላ ፈገግ አለች።

«ማርቲ? ማርቲ እኮ ከክፍሉ አንደኛ ናት፣ እማማ! አሁን የእንግሊዝኛ ረጅምና አጭር ድምፅ እያስተማርኳቸው ነው፣ አንድም አትስትም። የማይሰማ ልጅ ይሄን እንዴት ይለያል?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? አስተማሪዋ አንቺ!»

«እንደዚያ ከሆነ ገብተው ይዩ። ከኋላ ይቀመጡ።»

ገቡና ለልጅ በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበታቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። የአብስራ ሰሌዳው ላይ ሁለት ሥዕል ለጥፋለች፤ ኮረብታና ተረከዝ። በሁለት እጇ የፀጉር ላስቲክ ይዛለች። «ሂል» ስትል ላስቲኩ ባለበት ይቆያል፤ ኮረብታ ነው። «ሂይይል» ስትል ላስቲኩን ትለጥጠዋለች፣ ከንፈሯም አብሮ ወደ ጎን ይሳባል፤ ተረከዝ ነው። ነገሩ ለእማማ ዳሲቱ ወዲያው ገባቸው። በኦሮምኛስ «ለፈ» ሲያጥር መሬት፣ «ላፋ» ብለው ሲያስረዝሙት ለስላሳ አይደል? ለዚህ ደግሞ ላስቲክ መለጠጥ ምን አመጣው ብለው በሆዳቸው አሾፉ።

ማርቲ ከፊት ተቀምጣለች። ዓይኗ ከመምህርቷ አፍ ላይ አይነቀልም።

«ሂይይል!»

«ረጅም!» ትላለች ማርቲ እጇን አውጥታ፣ ከሁሉም ቀድማ።

«ሂል!»

«አጭር!»

ክፍሉ አጨበጨበላት። የአብስራ ወደ ኋላ ዞር ብላ «አዩልኝ?» በሚል ዓይን እማማ ዳሲቱን አየቻቸው። እሳቸው ግን ሲያዩ የቆዩት የማርቲን ዓይን ነበርና ከአግዳሚው ተነሱ።

«እስቲ ላስቲኩን ኪስሽ ክተቺው። አፍሽንም ሸፍኚ።»

«እንዴ፣ እማማ!»

«ምን ትሽኮረመሚያለሽ፣ ልድርሽ አልመጣሁ። ሸፍኚ!»

ልጆቹ አውካኩ። የአብስራም እየሳቀች መጽሐፉን አፏ ላይ አደረገች።

«ሂይይል» አለች።

ማርቲ መጽሐፉን አየችው። ጎኗ የተቀመጠችውን ልጅ አየቻት። ከዚያ «ረጅም» አለች፤ ልክ ነበረች።

«ሂል።»

«ረጅም።»

«ሂል።»

«ረጅም… አጭር?»

ልጆቹ መንሾካሾክ ጀመሩ። የአብስራ ሳቋን አቆመች። ድምፅዋን ጨመረች፣ ደገመች፣ ደጋገመች። በመጨረሻ ከመጽሐፉ ጀርባ ሆና በአማርኛ «ማርቲ፣ የኔ ስም ማን ነው?» አለቻት።

የማርቲ ዓይን እንባ ሞላው። «አጭር» አለች።

ያን ሁሉ ጊዜ «እመኑኝ» ሲሉ የኖሩት እማማ ዳሲቱ፣ አሁን ሲታመኑ የሚገቡበት ጠፋቸው። ምነው ነርሷ ልክ በሆነች! ምነው እኔ አሮጊቷ ቀባጥሬ በሆነ! ማርቲ ዘወር ብላ አየቻቸው። በትኩሳት ስትነድ በጀርባቸው ተሸክመዋት ሲሮጡ እንኳ እንደዚያ ያለ ፊት አላሳየቻቸውም።

በዕረፍት ሰዓት መጥታ ነጠላቸውን ያዘች። «አኮ» አለቻቸው፤ አያቷን የምትጠራቸው በኦሮምኛ ነው። «ለምን እንደዚያ አደረግሽ? ሚስ በኔ ደስ ይላት ነበር እኮ።»



በሳምንቱ የአብስራ ራሷ ትልቁ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ማርቲን መስታወት ባለው ጠባብ ክፍል አስገብተው፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ገጥመው ብዙ አቆዩዋት። ሐኪሙ ሲወጣ ቀጥ ብሎ ወደ የአብስራ ሄደ።

«እናቷ ነሽ?»

«አስተማሪዋ ነኝ።»

መማሯ በቃው መሰል፣ ከዚያ በኋላ ወሬው ሁሉ ለእሷ ሆነ፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ። እማማ ዳሲቱ በሁለቱ መሀል እንደተቀመጠ ዕቃ ቆሙ።

«አንተ ልጅ! እናቷ ሞታለች፣ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ለኔ ንገረኝ እንጂ!»

«መምህርቷ ታስረዳዎታለች፣ እማማ» አለና ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

ግቢው ውስጥ ማርቲ ቀደም ብላ ስትሄድ እማማ ዳሲቱ የአብስራን ያዟት።

«ምን አለ?»

«ክትትል ያስፈልጋታል ነው ያለው።»

«ክትትሉን ተዪው። ይመለሳል ወይ?»

የአብስራ ጫማዋን አየች። «ነርቩ ነው፣ እማማ። ትኩሳቱ ጎድቶታል። አሁን የምትሰማው ትንሽ ነገር አለ፤ እሱም… እየቀነሰ ይሄዳል። ጆሮ ላይ የሚደረገው የመስሚያ መሣሪያም ለእሷ ዓይነቱ ብዙ አይረዳም አለ።»

«እስከ መቼ ድረስ ትሰማለች?»

«አላውቅም አለ።»

እማማ ዳሲቱ አላለቀሱም። ያሰቡት ያንን መንገድ ነው። ቃሊቲ ላይ ገልባጭ የማያልፍበት ቀን የለም፤ እሳቸው ደግሞ አርጅተዋል። ነገ አፈር ቢጫናቸው ይቺን ልጅ በቀሚሷ የሚጎትት ማን ነው? አሰቡ፣ አሰቡ፤ አንድም ሰው አልመጣላቸውም።

ማርቲ ተመልሳ የመምህርቷን እጅጌ ሳበች። የራሷ ድምፅ በደንብ ስለማይሰማት ጮኻ ነው የምታወራው፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞረ።

«ሚስ! ምን አለ? እድናለሁ?»

የአብስራ ያቺን የክፍል ፈገግታዋን አመጣች። ጎንበስ ብላ «አዎ የኔ ቆንጆ፣ ይሻልሻ—» ስትል እማማ ዳሲቱ ክንዷን ጨምድደው ያዟት።

«አትዋሺያት! ከእንግዲህ ይቺ ልጅ ሰው የሚላትን የምታገኘው ከአፉ ላይ ነው፤ ገና ከመጀመሪያው ውሸት አታስለምጃት።»

«እንዴት ብዬ ልንገራት፣ እማማ? እርስዎ ቢነግሯት አይሻልም?»

«እኔማ ጥርሴ አልቆ ከንፈሬ ወደ ውስጥ ገብቷል። የምለው ግማሹ እንደማይያዝላት አውቃለሁ። አንቺ ጥርስሽ ሙሉ ነው፣ የአንቺን አፍ ታውቀዋለች። ነይ፣ ከጥላው ውጪ፣ ወደ ፀሐዩ ዙሪ። ቀና በይ። እንባሽንም ጥረጊ፣ አፍሽን ያጣምመዋል። ሐኪሙ ያለውን ከሥር ጀምረሽ፣ ቀስ ብለሽ፣ አንድም ሳታስቀሪ ንገሪያት። እዚሁ፣ እኔ እያየሁ። ጀምሪ!»