የኤተሪ ሚ

የስድስት ሰዓቱ ጠያቂዎች የሙዚቃ ደራሲውን የጉራምን ክፍት ሬሳ ሣጥን ዞረው ሲወጡ ዛዛ ከኤተሪ ወንበር ፊት ቆሞ ቀረ። የኦርኬስትራው መሪ ነው፤ ኮቱን እንኳ አላወለቀም።

«ካልባቶኖ ኤተሪ፣ ትናንት በመጨረሻ ሥራው ልምምድ ላይ ቪዮላ ተጫዋቾቹ አስለቀሱን» አላት እንደ እመቤት አክብሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ይቺ ቦታ።»

አንጎራጎረላት። አራት ድምፅ ብቻ ነው።

«እስቲ ድገመው።»

ደገመው። «ሦስተኛዋን ሰሙልኝ? አንዱ ተጫዋች ‹ሽማግሌው ሞቱን አውቆት ነው የጻፈው› አለ። እሑድ ኮንሰርቱ ላይ አዳራሹ ምን እንደሚሆን አላውቅም።»

ኤተሪ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጉራም በእርሳስ የጻፈውን ሙዚቃ በቀለም ስትገለብጥ ኖራለች። ሦስተኛዋ ድምፅ የጉራም አይደለችም።

ተነሳች። ሣጥኑ ያረፈው ፒያኖው በነበረበት ቦታ ነው፤ ፒያኖውን አራት ጎረቤቶች ገፍተው ከመስኮቱ አስጠግተውታል። የእርሳሱ ጽሑፍ የፒያኖው ክዳን ላይ ተከምሯል። የመጨረሻውን ገጽ አወጣች። ሦስተኛዋ ኖታ መስመሩንም ክፍተቱንም ነክታ ተቀምጣለች፤ ሬም ሚም ልትባል ትችላለች። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ጉራም እንዲህ ላለችው ኖታ ስሟን በትንሹ አጠገቧ ይጽፍላት ነበር። ኤተሪ የእርሳስ ቆሻሻ ነው ብላ ያለፈችው ነገር አሁን ሲታይ ፊደል ነው፤ ሬ። እሷ ሚ ብላ ገልብጣዋለች።

ገጹን ከክምሩ መሃል መልሳ ብትከተው ማንም አያውቅም። የጉራምን እርሳስ ከእሷ ሌላ የሚያነብ የለም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንዲት የራሷ ድምፅ፣ እሑድ፣ በሙሉ አዳራሽ ፊት። ከጉራም ጋር የሙዚቃ ድርሰት የተማረች ናት፤ ከተመረቁ በኋላ ግን ለራሷ አንድም መስመር አልጻፈችም።

አንድ ጊዜ፣ ገና የጉራም ፀጉር ጥቁር ሳለ፣ የዋሽንቶቹን ዜማ ትንሽ ከፍ ብታደርገው ይሻላል ብላው ነበር። ሾርባውን ትቶ ፒያኖው ጋ ሄደና ሁለቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ ተጫወታቸው።

«ያንቺ ቆንጆ ነው» አላት። «በራስሽ ሥራ ውስጥ አድርጊው።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ሾርባው እስኪቀዘቅዝ መልሷን ጠበቀ።

ወደ ዛዛ ዞረች። «ስህተት ነው። የኔ ስህተት። ሬ ነች።»

ዛዛ ገጹን ተቀብሎ ወደ ሻማዎቹ አስጠጋው። «ቢሆንስ? ይኼኛው የበለጠ ያምራል እኮ።»

«ያምራል።»

«ታዲያ?»

«የሱ አይደለም።»

የጉራም ባለቤት ማቅቫላ ከሣጥኑ ራስጌ ሆና ስትሰማ ቆይታለች። «ተዪው አንቺ» አለች። «ሰው ይህን ሰምቶ ገልባጯ ተሳሳተች እንዲል ነው? ማን ሥራ ይሰጥሻል ከዚያ?»

«እንግዲህ አይስጡኝ።»

«እሱ እንደሆነ ተኝቷል።»

«እኔ አልተኛሁም» አለች ኤተሪ።

ማቅቫላ አፏን በጥቁር ሻሿ ሸፍና ሳቀች፤ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት ሴቶች ቀና አሉ። «እንዲሁ ስትጨቃጨቁ ነው ያረጃችሁት» አለች። «ምን ልስጥሽ?»

«ምላጭ።»

ከመታጠቢያ ቤት ይዛላት መጣች። «ሦስት ቀርቶት ነበር። በአንዱ ትናንት ጎረቤታችን ላጨው።»

ዛዛ አምስቱን የቪዮላ ወረቀቶችና የራሱን ትልቁን የኖታ ጥራዝ ከቦርሳው አወጣ። «ትንሽ ያሳዝነኛል» አለ።

«እኔንም» አለች።

ወንበሯን ወደ ሣጥኑ ሳበች፣ ሰሌዳ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጀመረች። ሚዋን በምላጩ ጫፍ ቀስ አድርጋ ፋቀቻት፣ ብናኙን እፍ አለችው፣ የሻከረውን ወረቀት በአውራ ጣቷ ጥፍር አለሰለሰችው፣ ሬን በቀለም ጻፈች። ስድስት ጊዜ።

የመጨረሻውን ስትጨርስ ዛዛ እጁን ዘረጋ። ኤተሪ ግን አላየችውም። ወረቀቱን አዞረችና፣ ጽሑፉ ወደ ጉራም እንዲሆን አድርጋ ከፊቱ በላይ ያዘችለት፤ አንድ ገጽ ለማንበብ የሚበቃውን ያህል።