ያልተገለበጠው ራውተር

ጉዎ-ዶንግ አሁንም አንድ ራውተር ከካርቶኑ አውጥቶ ገለበጠና ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበበ። ሚስቱ ዪ-ሩ ምን እንደሚል አስቀድማ ታውቃለች። ታይፔ ውስጥ ይህን ሲል ያልሰማው የኤሌክትሮኒክስ ሻጭ የቀረ አይመስላትም።

«ቨርዥን ሁለት ነው። አይሆንም።»

«ስሙ ያው፣ መልኩ ያው! ምን ሁን ነው የምትለው?»

«ውስጡን ቀይረውታል። ቨርዥን አንድ ብቻ ነው ኮዱ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር የሚጫንበት። ያለዚያ ኩባንያው ሶፍትዌሩን ማደስ አቁሞ ነገ ተውኳችሁ ቢለን ምን ይውጠናል?»

«እኔስ ነገ ተውኩህ ብልህ?»

ሻጩ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ዪ-ሩ ለውጭ አገር ሰዎች ቻይንኛ በኢንተርኔት ታስተምራለች፤ ማስተማር ከተባለ። እናቷ በቅርቡ ከሰፈር ሱቅ ይህንኑ ዓይነት ራውተር ገዝታላቸው ነበር። ጉዎ-ዶንግ ግን «አሁን የተገዛ ቨርዥን ሁለት ነው» ብሎ፣ ዞር አድርጎ እንኳ ሳያየው፣ ከሕንፃቸው ምድር ቤት ለሚኖሩት ለእትዬ አ-ሉዋን ሰጠባት። ከዚያ ወዲህ የምትሠራው በስልኳ መስመር ነው። መሃል ላይ ምስሏ እየደረቀ ተማሪዎቿ ተራ በተራ ጥለዋት ሄዱ። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ የአንድ ትምህርት ቤት ኃላፊ በኢንተርኔት ስታስተምር ልታያት ቀጥራታለች። ይሄ ካመለጣት ሥራ ፈት መሆኗ ነው። ስንት ጊዜ ነገረችው! እሱ እቴ፣ ሌላ ካርቶን እየከፈተ ነው።

«በቃኝ! እትዬ አ-ሉዋን ጋ ሄጄ አስተምራለሁ» አለችና ጥላው ወጣች።

እትዬ አ-ሉዋን ወጥ ቤታቸው ውስጥ ቦታ ለቀቁላት። ራውተሩ መደርደሪያው ላይ ነው፤ በአገሩ ልማድ፣ ዕቃው እንዳይለግም አረንጓዴ የብስኩት ከረጢት ተጭኖበታል። መስመሩ አንዴም አልተንገራገጨም። ዪ-ሩ ከስንት ጊዜ በኋላ ደስ ብሏት አስተማረች።

«በጣም ጥሩ ነው» አለች ኃላፊዋ በመጨረሻ። «እንግዲህ ከሰኞ ጀምሮ...»

አፏን እንደከፈተች ስክሪኑ ላይ ደርቃ ቀረች።

ዪ-ሩ ዞር ስትል ባሏ ከሱቅ ተመልሶ ከኋላዋ ቆሟል። ከረጢቱን በጥንቃቄ አንስቶ፣ ራውተሩን ገልብጦ ይዞታል። የኤሌክትሪክ ገመዱ ወለሉ ላይ ወድቋል።

«ቨርዥን አንድ!» አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «ዪ-ሩ፣ ቨርዥን አንድ ነው! ለካ ሱቁ የቆየ ዕቃ ነው የሸጠላቸው። እናትሽ ይባረኩ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ከረጢቱን መልስ!» ብለው ጮኹበት እትዬ አ-ሉዋን።

ዪ-ሩ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ስልኳ ጮኸ። መልእክቱ ከኃላፊዋ ነው፦ «ከሰኞ ጀምሮ ይግቡ። እባክዎ መስመርዎን ብቻ ያስተካክሉ።»

ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ራውተሩን ከባሏ እጅ ነጥቃ ገመዱን ሰካች፤ ከረጢቱንም ቦታው መለሰች።

«እትዬ፣ የሚያከራዩት ክፍል አለዎት?»

«ለማን ልጄ?»

«ለእኔና ለራውተሩ።»